ልጆቻችን የቆሙባትን መሬት ያውቋታልን?

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱን ለማግኘት የአዲስ አበባን ታሪክም፣ የመዲናን ታሪክም እንደገና እንድገልጥ አስገድዶኛል። ያገኘሁትንም ለልጆቻችን ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ለናንተ ለወላጆች ላካፍል ወደድኩ።

የማስተምርበት መድረሳ የሚገኘው ከመገናኛ በስተምሥራቅ፣ አዳዲስ ፎቆች በበዙበት ሰፈር ነው። ቅዳሜ ጧት ቁርኣን ካስቀራሁ በኋላ ከፍ ከፍ ላሉት ልጆች የግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት እሰጣለሁ። የዚያን ቀን ርእሱ መሬትና ውሃ የአላህ አማና መሆናቸው ነበር። ትምህርቱን ለማስጀመር ወረቀት አደልኩና “ሰፈራችሁን ሳሉ” አልኳቸው። ሁሉም ፎቅ፣ መኪናና አስፋልት ሳሉ። አንዱ ልጅ ግን ሁለት በሬዎችና አውድማ ስሎ አመጣ።

“ይህ የገጠር ሥዕል ነው፤ እኔ ያልኩት ሰፈራችንን ነው” አልኩት።

“ኡስታዝ፣ የፎቁ ዘበኛ አባባ እኮ አውድማዬ እዚህ ጋ ነበር ብለውኛል” አለኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ግን አላፈረም። ቀና ብሎ “ታዲያ የኛስ መድረሳ የማን መሬት ላይ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጊዜ የሁላችንም ሳቅ ቆመ። ስለ መሬት አማናነት ላስተምር የቆምኩ ሰው፣ ከእግሬ ሥር ስላለችው መሬት አንዲት ቃል የምናገረው አልነበረኝም። “በሚቀጥለው ሳምንት እመልስልሃለሁ” ብዬ አሰናበትኳቸው።

ስሞች የሚነግሩን

ውድ አንባቢያን፣ ታሪክ የሚገኘው በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በየቀኑ በሚጠሯቸው የሰፈር ስሞች ውስጥም አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነስቶ ወደ አያት ሲሄድ ጉርድ ሾላ ላይ ይቆማል። ጉርድ ሾላ ማለት የተቆረጠ የሾላ ዛፍ ማለት ነው። ልጆቼን “ሾላ አይታችሁ ታውቃላችሁን?” ብዬ ስጠይቃቸው ሾላ ገበያን እንጂ ዛፉን የሚያውቅ አልነበረም። ዛፉ ከሄደ በኋላ ስሙ ብቻ ቀርቶ ይመሰክራል ማለት ነው።

የካ፣ ጉለሌና ገላን የሚባሉት ስሞች ደግሞ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው። “ለገ” በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ስለሆነ፣ ለገዳዲና ለገጣፎ ስንል ሳናውቀው ወንዝ እየጠራን ነው። ይሁን እንጂ ልጆች እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ለገሀር ወንዝ አይደለም። እርሱ “ላ ጋር” ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። አንድ ስም የውሃን፣ ሌላው የዛፍን፣ ሌላው የሰዎችን፣ አራተኛው የባቡርን ታሪክ እንደሚሸከም ተረዱ።

ከተማዋን ያተረፈው ዛፍ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የቤት ማገርም፣ የምድጃ ማገዶም ከአካባቢው ደን ነበር የሚመጣው። ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆረጠ። አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ እንጨት ጠፋና ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተምዕራብ ወዳለው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። በዚያ ዘመን የእንጨት ማጣት ከተማ ያስለቅቅ ነበር።

ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ ያስገባው ተብሎ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ የመጣ በመሆኑ ባሕር ዛፍ አለው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋ በባሕር ዛፍ ተከበበች፤ ዋና ከተማነቷም ጸና።

ታዲያ ባሕር ዛፍ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ልጆቼ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። እኔም የሰጠኋቸው መልስ እንዲህ የሚል ነው። ማገዶ ላጣ ሕዝብ ራሕመት ሆኖ መጥቷል። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ከምንጭ አጠገብ ሲተከል ምንጩን ይጎዳል፤ ከሥሩም ሌላ ዕፅዋት እንደ ልብ አይበቅልም። አንድን ነገር መልካም ወይም መጥፎ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የት ቦታና በምን ያህል መጠን መሆኑ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ልጆቻችንም በየክረምቱ ከትምህርት ቤታቸው ጋር ይተክላሉ። እኛ ግን “ስንት ተከልክ?” ብቻ ሳይሆን “ምን ዓይነት ዛፍ ነው? የት ተከልከው? ባለፈው ዓመት የተከልከውስ ጸድቋልን?” ብለን ልንጠይቃቸው ይገባል።

ጥቁሩ አፈርና ቦሌ

የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ሜዳ በብዛት ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬዎች ኮትቻ ወይም ዋልካ ይሉታል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ውሃን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ጤፍ ይበቅልበታል፤ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል የተዘራ ሽምብራና ጓያም በቀረው እርጥበት ብቻ ያፈራል። ለገበሬ ሀብት የሆነው ይኸው ጠባዩ ግን ለግንበኛ ችግር ነው። ቤት ከሥሩ ሲያብጥና ሲሸሽ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፎቅ የሚሠራ ሁሉ በመጀመሪያ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በሌላ አፈርና በድንጋይ ይተካል። ልጆቻችን በየመንገዱ የሚያዩት ያ በገልባጭ መኪና ተጭኖ የሚሄድ ጥቁር አፈር ትናንት እንጀራ ይወጣበት የነበረ ነው።

ሜዳው መለወጥ የጀመረው ከአውሮፕላን ጋር ነው። ቀድሞ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። ነገር ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላን ሲያስገባ ያ ሜዳ አጭር ስለሆነበት አዲሱ ማረፊያ በቦሌ ሜዳ ላይ ተሠራ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ የቦሌ መንገድም የእንግዶች መግቢያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቤቱ መንገዱን ተከተለ።

በሕዝብ ቆጠራ መሠረት የአዲስ አበባ ነዋሪ በ1976 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው መጠለያ ይሻል። በ1990ዎቹ በገርጂ ለሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ተስፋፋ። በ2006 ዓ.ም. የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች፣ ከነዚህም መካከል ብዙ ሙስሊሞች፣ በዚህ ግንባታ መጠለያ አግኝተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። እኔም ከነርሱ አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ ለኛ ቤት የሆነው ቦታ ከኛ በፊት ለሌላው ማሳ መሆኑን መካድ አይቻልም።

መሬት የተነፈገ ሰው የመሬትን ነገር ያውቃል

እኛ ሙስሊሞች ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባን ነበር። በጎንደር ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ በ1660 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ እስላምጌ በተባለው ሰፈር እንዲሰፍሩ ተደረገ። በብዙ የደጋ አካባቢዎች ሙስሊም ርስት እንዳይኖረው ስለተከለከለ አባቶቻችን በንግድና በሽመና ኖሩ። ነጋዴነታችን በከፊል ከምርጫ ሳይሆን ከመከልከል የመጣ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሙስሊሞች፣ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው፣ ለእምነት እኩልነት የወጡበት ታላቅ ሰልፍ ይህን ሁሉ ታሪክ ተሸክሞ ነበር። በተከታዩ ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ሙስሊሙ ገበሬም በስሙ የሚያርሰው መሬት አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ታወጀ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል።

ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ ገበሬው ካሳ እየተከፈለው ተነሳ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ይከፈል የነበረው የማፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1161 ተተክቶ ስሌቱ ተሻሽሏል። ነገር ግን ሲያርስ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ገንዘብ ቆጥሮ ሲሰጡት፣ ንግድ ካላወቀ ገንዘቡ በእጁ ይቀልጣል። ማሳ ግን በየዓመቱ ይመለስ ነበር።

ሽማግሌው ያሉኝ

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወደ ዘበኛው ሽማግሌ ሄድኩ። ሃይማኖታቸው ክርስትና ነው። በየቀኑ በበራቸው ሳልፍ ሰላምታ ከመስጠት ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። “አባባ፣ ልጆቹ ስለ አውድማዎ ነገሩኝ” ስላቸው መጀመሪያ ደነገጡ፤ ነገር ፍለጋ የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ለትምህርት መሆኑን ስነግራቸው ግን ወንበር ሰጡኝ።

ጤፉ እዚህ፣ ሽምብራው ወደ ታች፣ ከብቱ የሚሰማራበት መስክ መንገዱ ባለበት መሆኑን በእጃቸው እያመለከቱ አሳዩኝ። ካሳውን ተቀብለዋል። ግማሹ ለልጆች ድግስ፣ ግማሹ ለማይሆን ንግድ ሄደ። በመጨረሻም ቀድሞ ያርሱት በነበረው መሬት ላይ ለተሠራው ፎቅ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። “የናንተስ መስጊድና ትምህርት ቤት ያለበት?” ብዬ ጠየቅኋቸው። የጎረቤታቸው መሬት እንደነበረና እርሱም እንደ እርሳቸው ካሳ ተቀብሎ ወደ ዘመዶቹ አገር እንደሄደ ነገሩኝ። ከዚያም “ልጄ፣ እኔ መሬቱን መልሱልኝ አልልም። ሕፃናቱ ግን እዚህ ሰው እንዳልነበረ ባያስቡ ደስ ይለኛል” አሉኝ።

ሁለቱ የቲሞች

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልጆቹ የመለስኩት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ነው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲደርሱ ግመላቸው የተንበረከከችበት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል፣ የተምር ማድረቂያ ነበር። ልጆቹ መሬቱን በነፃ ሊሰጧቸው ፈለጉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንቢ ብለው ዋጋውን ከፍለው ገዙት፤ መስጂዳቸውንም በዚያ ላይ ሠሩ። ልብ በሉ! ለአላህ ቤት እንኳ ቢሆን የየቲም መሬት ያለ ዋጋ አልተወሰደም። ያን መሬት ማን ይዞት እንደነበረም የኢስላም ታሪክ አልረሳም፤ ይኸውና የሁለቱን ልጆች ስም ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በኋላ እንጠራለን። የሰውን መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ዕለት ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ያስተምረናል።

ከዚህም ሌላ ሸሪዓችን የመሬት አጠቃቀም ሥርዓት አለው። ለጋራ ጥቅም ተከልሎ የሚጠበቅ የግጦሽ መሬት “ሒማ” ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ከለሉ፤ ዑመርም (ረ.ዐ) ረበዛን ከለለ። ዑመር ለጠባቂው የሰጠው ትእዛዝ አስገራሚ ነው። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድኻ እንዲያስገባ፣ የነዑሥማንን እና የነዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን መንጋ ግን እንዳያስገባ አዘዘው። ምክንያቱንም ሲነግረው ሀብታሞቹ ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ እንዳላቸው፣ ድኻው ግን ልጆቹን ይዞ ደጁ ላይ መጥቶ እንደሚያለቅስ አስረዳው። ዑሥማንም (ረ.ዐ) በበኩሉ ውሃዋ በገንዘብ ይሸጥ የነበረችውን የሩማን ጉድጓድ ገዝቶ ለሙስሊሞች ሁሉ ነፃ አደረጋት። መሬትን ለማን ጥቅም እንደምናውል መጠየቅ ከጥንት ጀምሮ የዲናችን ጉዳይ ነው።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

አሁን ደግሞ በእጃችን ወዳለው ጉዳይ እንምጣ። የምንጠጣው ውሃ በከፊል ከምሥራቅ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተገነባው ከለገዳዲ ግድብ ይመጣል። ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻስ? ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበናና በቦሌ የሚያልፈው ቡልቡላ ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ደርሶ ከዚያ ወደ አዋሽ ይፈስሳል። ይህ ግድብ በደለል ተሞልቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ነበር። በአቃቂ ዳርቻ ደግሞ በዚያው ውሃ የሚጠጣ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለገበያ ይመረታል፤ በአትክልቱና በአፈሩ ውስጥ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ መርዛማ ማዕድን መገኘቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። በመስኮት የወረወርነው ነገር በሌላ መልኩ ወደ ማዕዳችን ይመለሳል ማለት ነው።

አዋሽም ባሕር አይደርስም። አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመንገዱ ሁሉ የአፋር ወንድሞቻችን ከርሱ ይጠጣሉ፤ ውዱእ ያደርጉበታል፤ ግመላቸውንም ያጠጡበታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን፣ በሰዎች መንገድና ጥላ ላይ መጸዳዳትን ከልክለዋል። እኛ ግን ጠዋት መስጂድ ውስጥ ለጦሃራ ተጠንቅቀን፣ ከሰዓት በኋላ የፌስታል ቆሻሻ ቦዩ ውስጥ እንጥላለን። በታችኛው አገር ያለው ሙስሊም ውዱእ የሚያደርግበትን ውሃ ያቆሸሸ ሰው ስለ ጦሃራ ምን ብሎ ያስተምራል?

ወላጆች ሆይ!

ይህን ሁሉ ለልጅ ለማስተማር ብዙ መጽሐፍ አያስፈልግም። ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። እዚህ ቦታ ከኛ በፊት ምን ነበረ? የማን ነበረ? ከኛ የሚወጣው ውሃና ቆሻሻስ ወዴት ይሄዳል? በሚቀጥለው ዕረፍት ቀን ልጃችሁን ይዛችሁ በሰፈራችሁ አንድ ሰዓት ተራመዱ። ቦዩ የትኛው ወንዝ እንደሚገባ ተከተሉ። በአካባቢያችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን፣ ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን፣ ስለ መሬቷ ጠይቁ። እነዚህ ሰዎች ሲያልፉ የማሳውና የምንጩ ስም አብሯቸው ይቀበራል። በጎጃምና በጎንደር የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ጥንታዊ ደን የተረፈው ሕዝቡ ቦታውን ስላከበረ ነው። ከጎረቤት መልካም ነገር መማር ነውር የለውም፤ በየመስጂዳችንና በየመድረሳችን ግቢ አንዲት ወይራ ወይም ዝግባ ብትኖርስ?

እኛ በመድረሳችን የጀመርነው ጥቂት ነው። ልጆቹ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ በአጥሩ ሥር ያለውን ቦይ ያጸዳሉ። ሽማግሌውም አንድ ቀን መጥተው ስለ ጥቁሩ አፈር እንዲያስተምሩን ጋበዝናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በልጆቹ ፊት ቆሙና ሽምብራ መቼ እንደሚዘራ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የኮትቻው ስንጥቅ እንዴት እንደሚገጥም አስረዷቸው። ያን ሥዕል የሳለው ልጅ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን በግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። መሳቄንም በልጆቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ መምህር ሲሳሳት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ማየታቸው ራሱ ትምህርት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የሰጠንን አማና የምንጠብቅ፣ የሰውን ሐቅ የማንረሳ፣ ከኋላችን ለሚመጡትም ንጹሕ ውሃና ለም አፈር የምናስረክብ ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።